ኤክስፒ፣ 7 እና 10 በአንድ ቢሮ፦ ፋይልና ፕሪንተር መጋራት እምቢ ሲል

ይህ መመሪያ ዕድሜያቸው የተለያየ ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ወይም ራውተር ለተያያዙበት ቦታ ነው፤ ለጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለአነስተኛ የሒሳብ ቢሮ። አንዱ ማሽን ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ሁለቱ ዊንዶውስ 7፣ በቅርብ የተገዛው ዊንዶውስ 10 ይሆናል። ከዚያ ትናንት ይከፈት የነበረው ፎልደር ዛሬ አይከፈትም፤ ወይም ፕሪንተሩ ከአንዱ ያትማል፣ ከሌላው አያትምም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፋየርዎል ያጠፋል፣ ካልሆነ ፎልደሩን ለሁሉም ክፍት ያደርጋል፣ ሲመረው ፎርማት ያደርጋል። ሦስቱም አያስፈልጉም። ዊንዶውስ የችግሩን ቁጥር ራሱ ይናገራል፤ ሥራው ቁጥሩን ማውጣትና ቁጥሩ ወደሚያመለክተው ቦታ ብቻ መሄድ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድመን እንስማማ። ፎልደሩንና ፕሪንተሩን የያዘውን ኮምፒውተር ከዚህ በኋላ ሰርቨር እንለዋለን። ትዕዛዞቹ ደግሞ በጥቁሩ መስኮት፣ በኮማንድ ፕሮምፕት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፉ ናቸው። ለምሳሌዎቻችን የሰርቨሩን አድራሻ 192.168.1.10፣ የፎልደሩን የሼር ስም (በኔትወርክ የሚጠራበትን) 100፣ የፕሪንተሩን 1020 ብለናል። ቁጥር የመረጥነው ሆን ብለን ነው፤ አጭርና ባዶ ቦታ የሌለበትን ስም የትኛውም የድሮ ሲስተም ያነበዋል። ፎልደራችሁ በውስጥ የፈለጋችሁትን ስም ይያዝ፣ የሼር ስሙ ግን አጭር ይሁን። የኮምፒውተሩም ስም ከ15 ፊደል አይብለጥ፣ በአማርኛ ፊደልም አይጻፍ።

ሰርቨሩ የትኛው ይሁን?

ከሁሉም ችግር ግማሹን የሚያስቀረው ውሳኔ ይህ ስለሆነ ጊዜ እንስጠው። ዊንዶውሶች ፋይል ሲጋሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። ኤክስፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ቪስታ ኤስኤምቢ 2ን ይዞ መጣ፤ ዊንዶውስ 7 (በፈረንጆቹ 2009) ወደ 2.1 አሳደገው፣ የድሮውንም አልጣለም። ዊንዶውስ 10 ግን በ2017 መጨረሻ ከወጣው 1709 ከሚባለው እትም ጀምሮ ኤስኤምቢ 1ን ማስወጣት ጀመረ። ምክንያትም አለው፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተሰኘ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ የድሮ ቋንቋ ክፍተት በኩል ነበር።

ስለዚህ ዊንዶውስ 7 ካላችሁ ፎልደሩም ፕሪንተሩም እሱ ላይ ይሁኑ። ከኤክስፒው ጋር በድሮው፣ ከ10ሩ ጋር በአዲሱ ቋንቋ ያወራል፤ 10ሩ ላይ ምንም የደኅንነት በር መክፈት አያስፈልግም። ኤክስፒውን ሰርቨር ማድረግ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሰርቨር የሚሆነው 7 በማርች 2017 የወጣው ኤምኤስ17-010 የተባለው ማስተካከያ የተጫነበት መሆኑን አረጋግጡ። ማስተካከያው ለኤክስፒም በሜይ 2017 በልዩ ሁኔታ ወጥቷል። ሁለቱም ሲስተሞች ድጋፋቸው ያበቃ ስለሆነ ሳይጠገኑ ኔትወርክ ላይ መተው አይገባም።

ኤክስፒና 10 ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ ኤክስፒውም ሰርቨር መሆን ግድ ካለበት፣ 10ሩ ላይ እንዲህ አድርጉ፦

1. ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ»ን ክፈቱ፤ በግራ በኩል «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» የሚለውን ተጫኑ።
2. «ኤስኤምቢ 1.0 ሲአይኤፍኤስ ፋይል ሼሪንግ ሰፖርት» የሚለውን በመደመር ምልክቱ ዘርጉ፤ ሦስት ንዑስ ምርጫ ይወጣል።
3. «ክላየንት» የሚለውን ብቻ ምልክት አድርጉ። «ሰርቨር» የሚለው አያስፈልግም፤ እሱ የሚያስፈልገው ኤክስፒው ከ10ሩ ፋይል ሲወስድ ነው።
4. «አውቶማቲክ ሪሙቫል» የሚለውን ምልክት አንሱ። ይህን ካልነካችሁ ዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 ለ15 ቀን (ኮምፒውተሩ የጠፋበት ጊዜ ሳይቆጠር) ጥቅም ላይ እንዳልዋለ ካየ ራሱ ያራግፈዋል። «ሠርቶ ሠርቶ ድንገት ጠፋ» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።
5. ሪስታርት አድርጉ።

ኬብልና አድራሻ

በኔትወርክ ካርዱና በስዊቹ ላይ ያሉት መብራቶች መብራታቸውን እዩ። መብራት መኖሩ ብቻ ግን ኬብሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በ100 ሜጋቢት የሚሠራ ግንኙነት ከስምንቱ ሽቦ የሚጠቀመው አራቱን፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ላልቶ ከሆነ ትንሽ ፋይል ያልፋል፣ ትልቁ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። ኬብሉን ስትቆርጡና ስታስሩ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ጠብቁ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ያለ ስዊች ሁለት የድሮ ኮምፒውተሮችን በቀጥታ የምታገናኙ ከሆነ ክሮስ ኬብል (የሁለቱ ጫፎቹ ቅደም ተከተል የሚለያይ) ያስፈልጋል፤ አንዱ ካርድ ጊጋቢት ከሆነ ግን ተራው ኬብል ይበቃል።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አይፒኮንፊግ ብላችሁ አድራሻውን አንብቡ። በ169.254 የሚጀምር ካገኛችሁ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ችግሩ ከዚህ በታች፣ ማለትም ኬብሉ፣ ስዊቹ ወይም ራውተሩ ጋ ነው፤ ፓስወርድና ፈቃድ መነካካት ከንቱ ድካም ነው። አንዱ 192.168.1፣ ሌላው 192.168.0 ላይ ከሆኑ ቢሮው ውስጥ ሁለት ራውተር አለ ማለት ነው። ለዋይፋይ ተብሎ የተጨመረው ሁለተኛ ራውተር በኢንተርኔት ቀዳዳው ሲሰካ የራሱን የተለየ ኔትወርክ ይፈጥራል። ከሁለተኛው ሥር ያሉት የመጀመሪያውን ሥር ማሽኖች ማግኘት ይችላሉ፣ ከላይ ያሉት ግን ወደ ታች አያዩም። መፍትሔው የሁለተኛውን ራውተር ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) ማጥፋት፣ አድራሻውን ከመጀመሪያው ጋር እንዳይጋጭ ለምሳሌ 192.168.1.2 ማድረግና ኬብሉን ከኢንተርኔት ቀዳዳው ነቅሎ ከአራቱ ተራ ቀዳዳዎች በአንዱ መሰካት ነው። በእንግዳ ዋይፋይ የተገናኘ ላፕቶፕ ደግሞ ራውተሩ ሆን ብሎ ከሌሎቹ ስለሚያገልለው ሰርቨሩን አያገኝም፤ ወደ ዋናው ዋይፋይ አዙሩት።

ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ መስጠት ግዴታ ነው እንላለን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩና ኮምፒውተሮቹ በተለያየ ቅደም ተከተል ይነሣሉ፤ አድራሻ ሊቀያየር ይችላል፤ ትናንት 192.168.1.10 የነበረው ዛሬ የሌላ ሰው ላፕቶፕ ይሆናል። በራውተሩ ውስጥ ዲኤችሲፒ የሚያድለውን ከ100 ጀምሮ አድርጉትና ከዚያ በታች ያለውን ለቋሚ አድራሻ አስቀሩ። ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ የራውተሩ አድራሻ ይሁን። ጌትዌዩን ባዶ አትተዉት፤ ዊንዶውስ 7 ጌትዌይ የሌለውን ኔትወርክ «አንአይደንቲፋይድ» ብሎ የሕዝብ ቦታ ያደርገውና ፋየርዎሉን ይዘጋዋል።

ከዚያ ከሌላው ማሽን ፒንግ 192.168.1.10 በሉ። መልስ ከመጣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ካልመጣ ተስፋ አትቁረጡ፤ ፋየርዎል ፒንግን ሊያግድ ይችላል። ወዲያው አርፕ ብላችሁ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝና ኤ ፊደል ጨምራችሁ ተጫኑ። በዝርዝሩ ላይ ከ192.168.1.10 ፊት ለፊት ባለስድስት ጥንድ የካርድ ቁጥር ካለ ኬብሉና ስዊቹ ደኅና ናቸው፣ የዘጋው ፋየርዎል ነው። ከሌለ ወደ ኬብሉ ተመለሱ።

ቁጥሩን ማውጣት

ማይ ኔትወርክ ፕሌስስን ወይም የ«ኔትወርክ» መስኮቱን ከፍታችሁ የኮምፒውተሮቹን ዝርዝር መጠበቅ አቁሙ። በድሮው አሠራር ያንን ዝርዝር ከማሽኖቹ አንዱ በተራው ይይዘዋል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየ12 ደቂቃው «አለሁ» ይላል፣ የጠፋ ማሽን ደግሞ እስከ 51 ደቂቃ ድረስ በዝርዝሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ዊንዶውስ 10 ኤስኤምቢ 1 ከሌለው በዚህ ዝርዝር አይጠቀምም፣ ኤክስፒውንም አያሳይም። በዝርዝሩ ያልታየ ማሽን በአድራሻው ሲጠሩት በደንብ ይከፈታል። ወርክግሩፕ (ኮምፒውተሮቹ የተመዘገቡበት የቡድን ስም) የተለያየ መሆኑም ዝርዝሩን እንጂ ግንኙነቱን አይከለክልም።

በምትኩ በጥቁሩ መስኮት እንዲህ ጻፉ፦

ኔት ዩዝ \\192.168.1.10\100

ከተሳካ ትዕዛዙ መፈጸሙን ይነግራችኋል። ካልተሳካ «ሲስተም ኤረር» ብሎ ቁጥር ይሰጣል። በመስኮት የሚመጣው የተራዘመ መልእክት ለብዙ ችግር አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ግን አያምታታም።

53 ማለት ሰርቨሩ ጋ መድረስ አልተቻለም ማለት ነው። ፒንግ እየሠራ 53 ከመጣ ሰርቨሩ ላይ ሄዳችሁ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በኔትወርክ ካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ ፎር ማይክሮሶፍት ኔትወርክስ» ምልክት አለው? ሁለተኛ፣ በሰርቪስ ዝርዝር ውስጥ «ሰርቨር» የሚባለው እየሠራ ነው? ኔትስታት ብላችሁ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ፣ ኤ እና ኤን ስትጨምሩ 445 ቁጥር «ሊስኒንግ» ሆኖ መታየት አለበት፤ በኤክስፒና ለኤክስፒ 139ም ቢኖር ይጠቅማል። ሦስተኛ ፋየርዎል። ኤክስፒ ላይ በፋየርዎሉ «ኤክሴፕሽንስ» ገጽ «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ»ን ምልክት አድርጉ፤ በመጀመሪያው ገጽ «ዶንት አላው ኤክሴፕሽንስ» የሚለው ምልክት ካለው ግን ያ ሁሉ ከንቱ ነው፣ አንሱት። 7 ላይ «ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር»ን ከፍታችሁ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ከሆነ ወደ «ወርክ» ቀይሩት። 10 ላይ ይኸው ነገር በሴቲንግስ፣ በ«ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ «ፕራይቬት» ይባላል። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ለሁለት ደቂቃ መፈተሻ እንጂ መፍትሔ አይሁን። የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ ካላችሁ ደግሞ አንቲቫይረሱን ማቆም ፋየርዎሉን ላያቆም ስለሚችል፣ የቢሮውን ኔትወርክ በእሱ ውስጥ ታማኝ ብላችሁ መዝግቡ።

67 ከመጣ ሰርቨሩ ተገኝቷል፣ 100 የሚባል ሼር ግን የለም። ስሙን አጣርታችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የፎልደሩን ስም ከሼር ስሙ ጋር ማምታታት ነው።

384 የሚመጣው ዊንዶውስ 10 ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ኤስኤምቢ 1 ብቻ የሚያወራ ስለሆነ እምቢ ብያለሁ ማለቱ ነው። ከላይ ያለው የኤስኤምቢ ክፍል ይመለከታችኋል። 1272 ደግሞ ያለ ፓስወርድ እንደ እንግዳ መግባት ተከልክሏል ማለት ነው፤ በሰርቨሩ ላይ አካውንት ክፈቱ።

71 ብዙ ሰው ገብቷል፣ ቦታ የለም ማለት ነው። ኤክስፒ ሆም በአንድ ጊዜ 5፣ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል 10፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ 20 ግንኙነት ይፈቅዳሉ። የኮምፒውተር ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች በኤክስፒ ሰርቨር ይህን ግድግዳ ቶሎ ይመቱታል።

1398 ከመጣ የሁለቱን ማሽኖች ሰዓት፣ ቀንና ዓመት አስተያዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ፓስወርድም አይቀበልም። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ። የድሮ ዴስክቶፖች ላይ ይህን አስቀድሞ ማየት ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

ከፎልደሩ ይልቅ «ኖት ኢናፍ ሰርቨር ስቶሬጅ» የሚል መልእክት ከመጣ ሰርቨሩ ላይ የዲስክ ቦታ አላለቀም፤ ኤክስፒ ላይ አንቲቫይረስ ከተጫነ በኋላ የሚታይ ችግር ነው። በሪጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች በተቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ በላንማንሰርቨር ሥር ባለው «ፓራሜተርስ» ቦታ «አይአርፒ ስታክ ሳይዝ» የሚባል ዲወርድ ፍጠሩ፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስት ቃላቱ ይያያዛሉ፣ አይ፣ አር፣ ፒ፣ ኤስ እና የመጨረሻው ኤስ ትልቅ ፊደል ይሆናሉ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ካልነበረ መነሻው 15 ስለሆነ 18 አድርጋችሁ ሪስታርት፣ ካልበቃ ሦስት ሦስት እየጨመራችሁ ሞክሩ።

ስምና ፓስወርድ

1326 ዩዘር ኔሙ ወይም ፓስወርዱ አልተዛመደም ማለት ነው፤ 1327 አካውንቱ ፓስወርድ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ከኤክስፒ ጀምሮ ፓስወርድ የሌለው አካውንት በራሱ ኪቦርድ እንጂ በኔትወርክ እንዲገባ አይፈቅድም። 1331 አካውንቱ ተዘግቷል፣ 1385 በኔትወርክ እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ ሁለቱም በአብዛኛው «ጌስት»ን፣ ማለትም የእንግዳውን አካውንት፣ ይመለከታሉ።

አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው። ሰርቨሩ ላይ አንድ ተራ አካውንት ክፈቱ፤ ስሙ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል፣ ፓስወርዱ ባዶ ያልሆነ፣ አስተዳዳሪ ያልሆነ። ሌሎቹ ማሽኖች ሲገናኙ በዚህ አካውንት ይግቡ፤ ዩዘር ኔም ሲጠየቁ የሰርቨሩን ስም፣ ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝና የአካውንቱን ስም አያይዘው ይጻፉ፣ «ሪሜምበር» የሚለውንም ምልክት ያድርጉ። ዊንዶውስ 10 ላይ የምትገቡበት ባለአራት አሃዝ ፒን በኔትወርክ አይሠራም። «ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ»ን አጥፉ የሚለውን ምክር አንደግፍም፤ ዛሬ ቢያሠራም ከሚቀጥለው አፕዴት በኋላ በ1272 ሊመለስ ይችላል።

ሰርቨሩ ኤክስፒ ሆኖ የዩዘር ኔም ሳጥኑ ላይ «ጌስት» የሚል ጽሑፍ ደብዝዞ ከመጣና መቀየር ካልተቻለ ምክንያቱ «ሲምፕል ፋይል ሼሪንግ» ነው፤ ኤክስፒው የሚመጣውን ሁሉ እንደ እንግዳ ይቆጥራል። ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ላይ ማይ ኮምፒውተርን ክፈቱ፤ ቱልስ፣ ፎልደር ኦፕሽንስ፣ ቪው፤ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለውን «ዩዝ ሲምፕል ፋይል ሼሪንግ» አንሱ። ኤክስፒ ሆም ላይ ይህ ምርጫ የለም። እዚያ ያላችሁ አንድ መንገድ የኔትወርክ ሴትአፕ ዊዛርዱን ማስኬድ ነው፤ እሱ ጌስትን ለኔትወርክ ይከፍታል። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ላይ ደመወዝ መክፈያ ወይም የተማሪ ውጤት አታስቀምጡ።

ፓስወርድ ተቀይሮ አሮጌው ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ አይጠይቃችሁም፣ በዝምታ አሮጌውን እየላከ ይወድቃል። 7 እና 10 ላይ በኮንትሮል ፓነል «ክሬደንሻል ማናጀር»ን ክፈቱ፤ ኤክስፒ ላይ በዩዘር አካውንትስ ውስጥ «ማኔጅ ማይ ኔትወርክ ፓስወርድስ» ይባላል፤ የሰርቨሩን መስመር አጥፉት። 1219 ከመጣ በሌላ ስም የተጀመረ ግንኙነት ገና አልተዘጋም፤ ኔት ዩዝ * /ዲሊት ብላችሁ ሁሉንም ዝጉና እንደገና ግቡ።

ፈቃድ

5 «አክሰስ ዲናይድ» ነው። እዚህ ብዙዎች የሚሳሳቱት ፈቃድ በሁለት ቦታ መኖሩን ስለሚረሱ ነው፤ አንዱ በ«ሼሪንግ» ገጽ፣ ሌላው በ«ሴኩሪቲ» ገጽ ነው፤ ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። በሼሪንጉ ፉል ኮንትሮል ሰጥታችሁ በሴኩሪቲው ማንበብ ብቻ ከሆነ መጻፍ አይቻልም። ቀላሉ አሠራር በሼሪንጉ ለዚያ ለከፈታችሁት አካውንት «ቼንጅ» መስጠትና ዝርዝሩን በሴኩሪቲው መቆጣጠር ነው። እንደ ፒችትሪ ያለ የሒሳብ ፕሮግራም ሲሠራ በዳታ ፎልደሩ ውስጥ እየጻፈ ስለሚሄድ የማንበብ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም።

አሁን ሁሉም ፋይል ይከፈታል፣ አንድ ብቻ እምቢ አለ እንበል። ፋይሉ እንዴት ወደ ፎልደሩ እንደገባ ጠይቁ። ኮፒ ተደርጎ የገባ ፋይል የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል፤ በዚያው ድራይቭ ውስጥ ከት ተደርጎ የተዛወረ ግን የድሮውን ፈቃድ ይዞ ይመጣል። ከዴስክቶፕ ወይም ከማይ ዶክመንትስ የተዛወረ ከሆነ ለባለቤቱ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በፎልደሩ ሴኩሪቲ፣ «አድቫንስድ» ውስጥ በሥሩ ያሉትን ሁሉ ፈቃድ የሚተካውን ምርጫ ምልክት አድርጋችሁ አጽድቁ፤ ከዚህ በኋላም ሰዎች ኮፒ እንዲያደርጉ እንጂ ከት እንዳያደርጉ ንገሩ።

መጻፍ የሚቻልበት ሼር ፍላሽ የሚያመጣውን ሾርትከት ቫይረስ ለቢሮው ሁሉ ያዳርሳል። መጻፍ የማያስፈልገው ሰው ማንበብ ብቻ ይኑረው።

ፕሪንተሩ

ፎልደሩ ከተከፈተ የፕሪንተሩ መንገድም ተከፍቷል፤ የቀረው የድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ ከሰርቨሩ ራሱ የሙከራ ገጽ አትሙ። ከሰርቨሩ የማያትም ፕሪንተር ከሌላ አያትምም። የዩኤስቢ ኬብሉ ወደ ሌላ ቀዳዳ ተዛውሮ ከሆነ ዊንዶውስ «ኮፒ 1» የሚል ሁለተኛ ፕሪንተር ይፈጥራል፤ ሼር የተደረገው ግን የቀድሞው፣ አሁን ማንም ያልተሰካበት ነው። በፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ፣ «ፖርትስ» ገጽ ላይ ዩኤስቢ001ን ወደ ዩኤስቢ002 መቀየር ወይም ኬብሉን ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መመለስ ይበቃል።

ሰርቨሩ 32 ቢት፣ ሌላው 64 ቢት ሲሆን በተለመደው መንገድ ፕሪንተሩን ሁለት ጊዜ ተጭኖ ማገናኘት ትክክለኛው ድራይቨር የለም በሚል ይቆማል። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ከ2021 የፕሪንተር ደኅንነት ማስተካከያዎች ወዲህ አስተዳዳሪ ያልሆነ ሰው ድራይቨር ከሰርቨር መሳብ አይችልም፤ በ11ቢ የሚያበቃ የስህተት ቁጥርም በዚያው ዓመት ከሴፕቴምበር ጀምሮ ይታያል። ለሁሉም የሚሠራ አንድ መንገድ አለ። ድራይቨሩን ከሰርቨሩ አትሳቡ፤ እያንዳንዱ ማሽን ላይ የራሱን ጫኑና ፖርቱን ብቻ ወደ ሰርቨሩ አዙሩ፦

1. መጀመሪያ በራን ሳጥን \\192.168.1.10 ብላችሁ ግቡ፣ ፓስወርዱ ይቀመጥ። ይህን ከዘለላችሁ አራተኛው እርምጃ ላይ «አክሰስ ዲናይድ» ይመጣል።
2. አድ ፕሪንተርን ክፈቱ፤ «ኔትወርክ ፕሪንተር» ሳይሆን «ሎካል ፕሪንተር»ን ምረጡ። ኤክስፒ ላይ ፕሪንተሩን ራሱ እንዲፈልግ የሚለውን ምልክት አንሱ።
3. «ክሪኤት ኤ ኒው ፖርት» በሚለው «ሎካል ፖርት»ን ምረጡ።
4. የፖርቱን ስም \\192.168.1.10\1020 ብላችሁ ጻፉ።
5. ለዚያ ማሽን ሲስተም የሚስማማውን፣ 32 ወይም 64 ቢት፣ ድራይቨር ስጡት።
6. ካለቀ በኋላ በፕሮፐርቲስ፣ ፖርትስ ላይ «ኢኔብል ባይዳይሬክሽናል ሰፖርት» የሚለውን አንሱ፤ ፕሪንተሩ ከሩቅ መልስ ስለማይሰጥ ምልክቱ ካለ ሥራው ሊንጠለጠል ይችላል።

ኤችፒ ሌዘርጄት 1020ን የመሰሉ አነስተኛ ፕሪንተሮች ሌላም ጠባይ አላቸው። የሚሠሩበትን ፕሮግራም በውስጣቸው አያስቀምጡም፤ በተነሡ ቁጥር ከተሰኩበት ኮምፒውተር ይቀበላሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ በርቶ ሰርቨሩ ገና ካልተነሣ ማንም አያትምም። ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩት።

ተሰልፎ የማይጠፋ ሥራ ካለ ሰርቨሩ ላይ ኔት ስቶፕ ስፑለር በሉ፤ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ የሚባለውን ፎልደር ክፈቱና በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ አጥፉ፤ ከዚያ ኔት ስታርት ስፑለር። ይኸው ነገር በላኪው ማሽን ላይም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሥራው በሁለቱም ቦታ ይሰለፋልና። ፕሪንተሩ ደብዝዞ ከታየ «ዩዝ ፕሪንተር ኦፍላይን» የሚለው ምልክት እንዳለበት እዩ።

የዶስ ፕሮግራም ያላቸው ቢሮዎች ኔት ዩዝ ኤልፒቲ1 \\192.168.1.10\1020 ብለው መስመሩን ወደ ሰርቨሩ ማዞር ይችላሉ። ይህ ግን ጥሬ ጽሑፍ ለሚቀበል ፕሪንተር ነው፤ እንደ ኤፕሰን ኤልኤክስ-300 ያለ ባለሪባን ያትማል፣ ሌዘርጄት 1020 ግን ጥሬ ጽሑፍ ስለማይገባው ዝም ይላል።

ከተገናኘ በኋላ የሚቋረጥ ከሆነ

ሰርቨሩ እንዳይተኛ በፓወር ኦፕሽንስ «ስሊፕ»ን «ኔቨር» አድርጉ፤ በዲቫይስ ማናጀር የኔትወርክ ካርዱን ፓወር ማኔጅመንት ከፍታችሁ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ሰርቨሩ ለ15 ደቂቃ ዝም ያለን ግንኙነት በራሱ ይዘጋል፤ በመደበኛው ሁኔታ ፎልደሩ ሲነካ ይመለሳል፣ ድራይቩ ላይ ያለው ቀይ ኤክስም አያስደንግጥ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ግን በመቋረጡ የሚወድቅ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ኔት ኮንፊግ ሰርቨር /አውቶዲስኮኔክት:-1 በሉ። በጎስት (የአንዱን ዲስክ ወደ ሌላው በሚገለብጥ ፕሮግራም) አንድ ዓይነት ተደርገው የተጫኑ ማሽኖች ካሉ «ዱፕሊኬት ኔም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም ስጡና ሪስታርት አድርጉ።

ፋይሉ ተከፍቶ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ከታየ ኔትወርኩን አትንኩ። ጽሑፉ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ የድሮ ፎንት ነው፤ ፎንቱ ፋይሉን በከፈተው ማሽን ላይ መጫን አለበት፣ ሰርቨሩ ላይ መኖሩ አይጠቅመውም። ለማተምም እንዲሁ ነው፤ ገጹ የሚዘጋጀው በላኪው ኮምፒውተር ላይ ነው። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በኤክስፒው ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው የሚታዩት ደግሞ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ ስላልመጣ ነው፤ ኒያላ ከቪስታ ጋር ነው የገባችው። የዩኒኮድ ግዕዝ ፎንት ጫኑና በዴስክቶፑ ፕሮፐርቲስ፣ አፒራንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ለ«አይከን» ያንን ፎንት ምረጡ። እስከዚያው ፋይሉን በሳጥኖቹ ላይ ሁለቴ ብትጫኑት በደንብ ይከፈታል።